የቡናው አተላ ከቦይ ለወጥ



እንደሚታወቀው በጠመንጃ ያዥ ቡና ሳይፈላበት የሚመሽ ቤት ጥቂት ነው። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ተጠጥቶ ጎረቤት ተመራርቆ ሲለያይ ጀበናው ይታጠባል፤ አተላውም ቦይ ውስጥ ይደፋል። ቦዩ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ይደፈንና ክረምት ሲገባ ውሃው ደጃችን ላይ ይተኛል። ከዚያ «እናንተ ናችሁ፣ እነሱ ናቸው» መባባል ነው።

ለመሆኑ የምንደፋው ምንድን ነው? ከተወቀጠው ቡና ወደ ሲኒው የሚወርደው ሲሶውን እንኳ አይሞላም። የቀረው ሁሉ አተላው ውስጥ ነው። ኦይስተር የሚባለው እንጉዳይ ደግሞ ይህንኑ እየበላ ያድጋል። የከተማችን ደጋማ አየር ይስማማዋል፤ ጀበና ላይ ሦስት ጊዜ የፈላ አተላም ከተባይና ከሻጋታ ጸድቶ ይወጣል።

ነገር ግን ንጹሕነቱ የአንድ ቀን ነው። እኛም የኮሚቴው አባላት ሞክረን ያገኘነው ትምህርት ይኸው ነው። የአንድ ቤት አተላ እፍኝ ሁለት እፍኝ ስለሆነብን ሦስት ቀን አጠራቀምን። ምን ዋጋ አለው! ዘሩ ሳይዝ አረንጓዴ ሻጋታ ቀደመውና እንዳለ ጣልነው። ስለሆነም ሥራው የአንድ ቤት ሳይሆን የጎረቤት ሥራ ነው። ቡና የሚጠራሩ ቤቶች የአንድ ቀን አተላቸውን ቢያዋጡ በዕለቱ ይሞላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጨው ወይም ቅቤ ያልገባበት አተላ ሲጨመቅ ጠብ ጠብ እስኪል ይጠነፈፋል። የጀበና አተላ ደቃቅ ስለሆነ አየር እንዲያገኝ በፈላ ውሃ የተዘፈዘፈና የቀዘቀዘ ጭድ ይቀላቀልበታል። ለ2 ኪሎ 200 ግራም ያህል የእንጉዳይ ዘር ተደባልቆ በንጹሕ ላስቲክ ይታሰርና ትንንሽ ቀዳዳ ተበስቶለት ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነጭ ሲለብስ ወደ ብርሃን ወጥቶ ላስቲኩ ሰንጠቅ ይደረጋል፤ በየቀኑም ውሃ ይረጭበታል። እንጉዳዩ ጠርዙ ወደ ላይ ሳይገለበጥ ይለቀማል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተለቀመ በኋላ የተረፈው ለጎመን መደብ ይሆናል።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ዘሩ ከሚታወቅ አዘጋጅ የተገዛ ይሁን። ክረምት ላይ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን የጅብ ጥላ «ያው እንጉዳይ ነው» ብሎ መልቀም ሕይወት ያስከፍላል፤ መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም። ልጆቻችንን እንንገራቸው። አረንጓዴ የታየበትም ላስቲክ ሳይፈታ ይጣል።

ይህ ሥራ ሀብታም ያደርገናል አንልም። ግን ሥጋ ለራቀው ቤት፣ ለጾሙም ቀን፣ በሽንኩርትና በበርበሬ በደንብ የበሰለ አንድ ድስት ወጥ ቀላል ነገር አይደለም። በሉ እንግዲህ፣ በሚቀጥለው እሑድ ቡናው ሲፈላ አንድ ባልዲ ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጥ። ቡና አጣጭ የሆንን ጎረቤቶች ወጥም እንጋራ!