ለእንቅልፍ ማጣት የሚሸጥ ኦክስጅን

ሌሊቱን ዓይኑ ሳይከደን የሚያነጋ ሰው መፍትሔ ይገኝበታል ያሉትን ሁሉ ይሞክራል። በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ከሚቀርቡለት አንዱ ሃይፐርባሪክ የሚባለው የኦክስጅን ሕክምና ነው። ታካሚው በታሸገ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ ከተለመደው የአየር ግፊት እጥፍ በሚደርስ ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳል። ሕክምናው በቦታው ትልቅ ነገር ነው። በጭስ ለተመረዘ፣ ከጥልቅ ባሕር በፍጥነት ወጥቶ ደሙ ውስጥ የጋዝ አረፋ ለተፈጠረበት፣ በስኳር ሕመም የእግሩ ቁስል አልድን ላለው ሰው ይሠራል። ለእንቅልፍ ማጣት መሸጡን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሳንባው ጤነኛ የሆነ ሰው ደም ተራውን አየር ስቦ እንኳ የሚበቃውን ኦክስጅን ይይዛል፤ በጭንቀት ወይም በፈረቃ ሥራ እንቅልፉ የተዛባበት ሰው የጎደለው ኦክስጅን አይደለም። ተኝቶ ትንፋሹ የሚቆራረጥበት ሰው እርግጥ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ የሚያንሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉሮሮው እየተዘጋ ስለሆነ ቀን ክፍሉ ውስጥ ቢውልም ማታ መልሶ ይዘጋበታል። ለእሱ ጉሮሮውን በአየር ግፊት ከፍቶ የሚያሳድረው ሲፓፕ የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ይታወቃል።

“የተሻለ የተኙ አሉ” የሚል መከራከሪያ ይነሳል፤ አዎ፣ አሉ። በ2022 የታተመ የእስራኤል ጥናት ከኮቪድ በኋላ ሕመሙ ያልለቀቃቸውን 73 ሰዎች ይዞ፣ 40 ጊዜ ኦክስጅኑን የወሰዱት በእንቅልፍም መሻሻል እንዳሳዩ ዘግቧል። ውጤቱን አላጣጥልም። ነገር ግን ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሕመማቸው የተለየ ነው፤ የእንቅልፋቸው ለውጥም የተለካው ራሳቸው በሞሉት መጠይቅ ነው። ይህ ተጨማሪ ጥናት ለማካሄድ ይበቃል፤ ከማንኛውም እንቅልፍ አጥ ገንዘብ ለመቀበል ግን አይበቃም።

“ኦክስጅን ምን ይጎዳል?” የሚሉትን ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ግፊቱ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፤ ኦክስጅኑም አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። በንጹሕ ኦክስጅን በተሞላ ክፍል ደግሞ ከልብስ የምትወጣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እሳት ልታስነሳ ትችላለች፤ ታካሚው የጥጥ ልብስ እንዲለብስ፣ በእጁም የኤሌክትሪክ ማስወገጃ ገመድ እንዲታሰርለት የሚደረገው ለዚህ ነው። በጥር 2025 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት አንድ የ5 ዓመት ሕፃን እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ እሳት ተነስቶ ሞተ። የቤተሰቡ ጠበቆች እንዳሉት ሕፃኑ ወደዚያ ከተወሰደባቸው ምክንያቶች አንዱ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ ነበር።

ለተራው እንቅልፍ ማጣት የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 በቅድሚያ የመከረው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው። የሚያንኮራፉ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥልዎ ከሆነም ለኦክስጅን ክፍል ከመክፈልዎ በፊት የእንቅልፍ ምርመራ ያድርጉ።