ፊደልን በዜማ ስላወቀ ልጅ፤ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባልደረቦች የሳምንቱ ቃል

ትምህርት ቤቶች በራቸውን ከከፈቱ እነሆ ጥቂት ሳምንታት አለፉ። በመስከረም አዲስ ደብተር ይዘው በደስታ የገቡት ሕፃናት አሁን ከወንበራቸው ጋራ ተላመዱ፤ አስተማሪዎቹም የልጆቹን ስም ለይተው ዐወቁ። ደስታው ቀዝቀዝ የሚልበት፥ ድካሙም የሚጀምርበት ጊዜ ይህ ስለ ሆነ፥ የዚህን ሳምንት ቃላችንን ለአንደኛ ክፍል አስተማሪዎችና ለባልደረቦቻቸው ሁሉ ለማድረግ ወደድን።

ሕፃናትን ፊደል ማስቈጠር ከማስተማር ሥራ ሁሉ የቀለለ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህም አንዳንድ ጊዜ ለዚህ ክፍል የሚመደበው ገና ሥራ የጀመረው፥ ወይም ሌላ ክፍል ያልተገኘለት አስተማሪ ነው። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የላይኛው ክፍል አስተማሪ ያጐደለውን ሌላው ሊሞላው ይችላል፤ ማንበብ ሳይችል ከሁለተኛ ክፍል ያለፈ ልጅ ግን ሒሳቡንም፥ ጂኦግራፊውንም፥ ታሪኩንም የሚቀበልበት በር ተዘግቶበት ይቀመጣል። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በልዩ ልዩ ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባብ በተመረመረ ጊዜ፥ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ ያልቻሉ ብዙዎች ሆነው ተገኝተዋል። እነዚህም ትምህርት ቤት ያላዩ ልጆች አልነበሩም፤ ተመዝግበው በክፍል የተቀመጡ ነበሩ እንጂ።

ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም አንዱን እናንሣ። የሕፃን ጆሮ ከዓይኑ ይቀድማል። ሀ ሁ ሂ ሲባል ዜማውን በጥቂት ቀን ይይዘዋል፤ ከላይ እስከ ታችም ሳይደናቀፍ ይወርደዋል። ነገር ግን ከመካከል አንዲቱን ፊደል በጣት ነክተው ይህች ማን ናት ቢሉት ዝም ይላል። የቀድሞዎቹ የኔታዎች ይህን ዐውቀው መድኃኒቱን አበጅተውለት ነበር፤ ይኸውም ልጁ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳን ማስቈጠር ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ በሚባልበት ጊዜ ፊደሉም ድምፁም አብሮ ስለሚለዋወጥ፥ የለመደው ዜማ አይረዳውም፤ የእያንዳንዱን መልክ በዓይኑ መለየት ግድ ይሆንበታል። የዛሬም አስተማሪ ክፍሉን ከመልቀቁ በፊት ጥቂት ፊደሎችን አቀላቅሎ በሰሌዳው ላይ ቢጽፍና ቢጠይቅ፥ በዜማ የሚያውቀውን ልጅ በእውነት ከሚያውቀው ለይቶ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ነገር የመቅረት ነገር ነው። ፊደሎቻችን 33 ሲሆኑ እያንዳንዱ 7 መልክ ስላለው በጠቅላላው 231 ይሆናሉ። በየትምህርቱ ቀን አንድ አንድ ቤት ቢሰጥ፥ ሳምንቱ 5 የትምህርት ቀን ስላለው፥ ሰባት ሳምንት ሳይሞላ ያልቃል። ነገር ግን በየገበያው ቀን ዕቃ ለመሸከም ወይም ከብት ለመጠበቅ የሚቀር ልጅ፥ ከ33ቱ ቤት ስድስቱን ወይም ሰባቱን ሳያይ ያልፋል። ከዚያ በኋላ በንባብ ሲደናቀፍ ሰነፍ ይባላል። ልጁ ግን ሰነፍ አይደለም፤ ያላሳዩትን አላወቀም እንጂ። ስለዚህ የስም መጥሪያው መዝገብ የቀረውን ልጅ ለመቅጣት ብቻ ሳይሆን፥ የትኛው ፊደል እንዳመለጠው ለማወቅም ቢያገለግል መልካም ነው።

ሦስተኛው የብዛት ነገር ነው። 60 ሕፃናት ባሉበት ክፍል፥ የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ቢከፋፈል ለያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ብቻ ነው። አንድ ሰው ምንም ቢተጋ ይህን ብቻውን አይችለውም። በየኔታ ዘንድ የቀደመው ልጅ የዘገየውን ያስቈጥር እንደ ነበረ፥ ዛሬም ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ማቀናጀት ይገባል። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ምስጋናውም ሆነ ኀላፊነቱ ላስተማሪው ብቻ አይደለም። ዘግይቶ የመጣውን ሕፃን ከደጅ ሳይመልስ የሚያስገባው ዘበኛ፥ ክፍሉን ንጹሕ የምታደርገው የጽዳት ሠራተኛ፥ ብርቱውን አስተማሪ ለአንደኛ ክፍል የሚመድበው ዳይሬክተር፥ ሁሉም ከዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው።

በሹመት ላይ የምትገኙ አንባቢዎቻችን ሆይ! ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በያመቱ በፈረንጆች ኦክቶበር 5 ቀን የዓለም መምህራን ቀን ሲከበር ኖሯል። ክብሩ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ላስተማሪው ከንግግር ይልቅ የሚያጽናናው ደመወዙ በጊዜው መድረሱ፥ መጽሐፉም ከትምህርቱ በፊት መምጣቱ ነው። በቤታችሁም ሌላው ሥራ ለጥቂት ጊዜ ይቈይና ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ፊደሉን ከመካከል ጠይቁት፤ ቢያቅተው አትቈጡት፥ አሳዩት እንጂ።

እናንተም በዚህ ሥራ የተሰለፋችሁ ሁሉ፥ ድካማችሁ ዛሬ ባይታይ አትዘኑ። ዐዋጁን የሚያነበውም፥ ውሉን የሚፈርመውም፥ ለበሽተኛ መድኃኒት የሚያዘውም ሰው አስቀድሞ ፊደል የቈጠረው ከእናንተ ዘንድ ነው። በመጪው ሳምንት ከክፍላችሁ ውስጥ በዜማ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ልጅ ፈልጋችሁ አግኙ፤ ሳምንቱም ሳያልቅ በዓይኑ የሚያውቅ አድርጉት። በርቱ!