አንድ ስም፣ ሁለት ሕመም

ልጆች ማታ ደጅ ወጥተው ኮከብ መቁጠር ሲጀምሩ ከአዋቂዎቹ አንዱ «ተዉ! ኪንታሮት ይወጣባችኋል» ማለቱ አይቀርም። እጁ ላይ የወጣበት ልጅም «ስንት ቆጠርክ?» ተብሎ ይሾፍበታል። ጨዋታው ማንንም አይጎዳም። የሚጎዳው ስሙ ነው። በጣት ላይ የሚወጣውን ሻካራ እባጭም፣ የፊንጢጣ ደም ሥሮች ሲያብጡ የሚመጣውን ሕመምም አማርኛ «ኪንታሮት» ይላቸዋል። የመጀመሪያው ኤችፒቪ በሚባል ቫይረስ የሚመጣና በንክኪ የሚተላለፍ ነው፤ ሁለተኛው ከማንም አይጋባም።

የመብራት እንጨት ላይ የሚለጠፈው «ኪንታሮት ያለ ቀዶ ሕክምና እናድናለን» የሚል ወረቀት የትኛውን እንደሚያድን አይናገርም። በብልቱ ወይም በፊንጢጣው ዙሪያ ቫይረሱ ያመጣው ኪንታሮት የወጣበት ሰው አፍሮ ገልጦ ሳያሳይ ስሙን ብቻ ሲናገር፣ የዚያኛውን ሕመም ቅባት ይዞ ሊመለስ ይችላል። እስኪነቃ ድረስ የትዳር ጓደኛውም ልትያዝ ትችላለች።

ወደ እጁ ኪንታሮት እንመለስ። በጌዴኦ ዞን፣ ጌደብ ወረዳ የምትገኘው ባንኮ ጎቲቲ ስሟ የወጣው በቡናዋ ነው። የለቃሚ እጅ በመኸር ወቅት ምን እንደሚመስል እዚያ ያደገ ያውቀዋል፦ በጠዋት ጤዛ የራሰ፣ ቅርንጫፍ የጫረው፣ የቀይ ቡና ጭማቂ የተጣበቀበት። ቫይረሱ የሚገባው እንዲህ በራሰና በተጫረ ቆዳ በኩል ነው። ጥፍር ሥር የወጣችው ኪንታሮት ከቅርንጫፍ ጋር በተጋጨች ቁጥር ትደማለች፤ ባለቤቷም ይሰለቸውና ምላጭ ያነሳል። ገፈፍ ሲያደርጋት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታዩታል። «ሥሩ ይሄ ነው» ብሎ መቆፈር ይጀምራል።

ሥር ግን አይደለም። ነጥቦቹ ደም የረጋባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። ኪንታሮት ከላይኛው የቆዳ ሽፋን አልፎ አይሄድም፤ ቁፋሮው የሚያተርፈው ጠባሳ ነው፤ ምላጩ ደግሞ ቫይረሱን ወደ ጤነኛው ቆዳ ይዘራዋል። በፈረስ ጭራ ማሰርም ቁስሉን ለማመርቀዝ ያጋልጣል። ከሁሉ የሚከፋው የቅንጭብ ወተት ነው፤ ቆዳን ያቃጥላል፣ በነካካው እጅ ዓይን ከታሸ ደግሞ ብርሃን እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ትክክለኛው ሕክምና ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። በልጆች ላይ ከሚወጣው ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት ይጠፋል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው። መጠበቅ ያልፈለገ ሳሊሲሊክ አሲድ አለለት፦ እጅን በሞቀ ውሃ ዘፍዝፎ፣ የላላውን ቆዳ ፍቆ፣ ዙሪያውን ቫዝሊን ቀብቶ፣ መድኃኒቱን ኪንታሮቱ ላይ ብቻ ማድረግ፤ ይህንኑም በየቀኑ እስከ 12 ሳምንት መደጋገም። ፊትና ብልት ላይ አይደረግም፤ የስኳር ሕመምተኛም ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው። በትልልቅ ሆስፒታሎች ደግሞ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ አለ።

በ2011 ዓ.ም. ባንኮ ጎቲቲ በግጭት የተፈናቀሉ ሰዎችን አስጠልላ ነበር፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞችም በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት ደርሰዋል። ብዙ ልጆች አንድ ብርድ ልብስ በሚጋሩበት ቦታ እከክ ብቻ አይደለም የሚዛመተው። ሞለስከም የሚባል ሌላ ቫይረስም አለ፤ መሐሏ ጎድጎድ ያለች ዕንቁ መሰል ፍሬ ያወጣል። በልጅ ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። የአዋቂ ፊት ላይ በብዛት ሲወጣ ግን የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የኤችፒቪ ክትባት መስጠት ጀመረች። የማኅፀን በር ካንሰርን እንደሚከላከል በሰፊው ተነግሯል። ያኔ የገባው ክትባት የብልት ኪንታሮትን በብዛት የሚያመጡትን ሁለት የቫይረሱ ዓይነቶችም እንደሚከላከል ግን ብዙ አልተወራም፤ እዚህም ላይ ሐፍረቱ የተጫነን ይመስላል። የእጅ ኪንታሮት የሚመጣው ከሌሎች ዓይነቶች ስለሆነ ክትባቱ ለእሱ አይሆንም። ለእሱ መላው የራስን ፎጣና ምላጭ ለይቶ መያዝ፣ ጥፍር አለመንከስና ጭረትን መሸፈን ነው።

ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ማስተካከያ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «ኪንታሮት» የሚል ሰው ሲመጣባት «የቱ ጋ?» ብላ ትጠይቅ፤ ካርዱ ላይም «የቫይረስ» ወይም «የደም ሥር» የሚል ቃል ይጨመር። እግረ መንገዷንም ውስጥ እግርን ትመልከት። እዚያ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ምልክት ኪንታሮት ላይሆን ይችላልና፣ ሳሊሲሊክ ሳይቀባ ዲላ ወዳለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቶሎ ይላክ።