«አገር ስጪኝ!» — የኦገስት ዕረፍትና የወንድምና የእኅት ጣጣ

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት የዋሉባችሁ ወላጆች እንዴት እንደሰነበታችሁ ባትጠየቁም ይሻላል፤ ፊታችሁ ይናገራል።

ባገራችን ተማሪ የሚያርፈው በክረምት ነው፤ አንዴ ተዘጋ ማለት እስከ መስከረም ነው። እዚህ ኬንያ ዓመቱ በሦስት ተርም ስለተከፈለ ዕረፍቱም ሦስት ነው፤ በኤፕሪል፣ በኦገስት፣ ከዚያም በዓመቱ መጨረሻ። የኦገስቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። በካኩማ ሙቀት፣ አንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሦስት ልጅ ላለው ሰው ሦስት ሳምንት አጭር አይደለም።

እኔ ግን እንደ አስተማሪ ይህን ጊዜ እወደዋለሁ። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ነው። አማርኛው ያለው ቤት ነው፤ ቤትም ቢሆን ልጅ አማርኛን በብዛት የሚለማመደው ከእናትና ከአባት ጋር ሳይሆን ከወንድምና ከእኅቱ ጋር ሲጣላ ነው። አላምንም የሚል ካለ አንድ ቀን ከበር ውጭ ቁጭ ብሎ ያዳምጥ።

ጎረቤቶቼ ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቋ አሥር ዓመቷ ነው፤ መካከለኛው ስምንት፣ ትንሹ አምስት። (ስማቸውን አልጽፍም። ትልቋ ማንበብ ትችላለች፤ ትጣላኛለች።) ባለፈው ሳምንት ትንሹ በራቸው ፊት ካለው ቦኖ ጀሪካን እንዲጠብቅ ተላከ። እናቱ ከውስጥ «ሞላ?» ትላለች። «ባዶ!» ይላል።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ቆመህ እንዴት ባዶ ይሆናል?»

«ባዶ ነው እማዬ!»

ወጥታ ብታይ ጀሪካኑ ከግማሽ አልፏል። ለካ ልጁ የተናገረው በስዋሂሊ ነው፤ ባዶ ማለት «ገና ነው» ማለት ነው። መካከለኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሙን «ባዶ» እያለ ይጠራዋል፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ግን አልነገረውም።

በማግስቱ ደግሞ ትንሹ ከሰል ላይ የተጣደ ሻይ ሊነካ እጁን ሲሰድ ትልቋ «ሞቶ! ሞቶ!» ብላ ጮኸች። ሞቶ በስዋሂሊ እሳት፣ የሚያቃጥል ማለት ነው። ከጀርባ የሚኖሩ አንዲት እናት ግን ስዋሂሊ አይሰሙም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ማን ነው? ማን ነው የሞተው?» እያሉ እየሮጡ ደረሱ። ልጅቷ ደንግጣ ወደ ትንሹ ጠቆመች። ሟቹ ቁጭ ብሎ ዳቦ እየገመጠ ነበር። እትዬ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ሳቁ፤ ሻዩን ሳይጠጡ ግን አልሄዱም።

የፋንታው ነገር ደግሞ አለ። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ዣን ፒያዤ ስለሚባል ስዊዘርላንዳዊ (እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1980 የኖረ ነው) ተምረናል። ይህ ሰው ያየው ነገር ቀላል ነው። ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ ውሃ ከሰፊ ዕቃ ወደ ቀጭንና ረጅም ዕቃ ዓይኑ እያየ ቢገለበጥለት፣ ረጅሙ ውስጥ ያለው «በዛ» ይላል። ከፍታውን ያያል እንጂ ስፋቱን አብሮ አያገናዝብም። የስምንት ዓመቱ ጎረቤቴ ፒያዤን አላነበበም፤ ግን በሥራ ላይ ያውለዋል። አባትየው አንድ ፋንታ ይዞ መጣ፤ መካከለኛው ቀጂ ሆነ። ለራሱ በሰፊው ኩባያ ደህና አድርጎ ቀዳና ለትንሹ በቀጭኗ ብርጭቆ ጥቂት ጠብ አደረገለት። «ላንተ ረጅሙን!» አለው። ትንሹ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ በሰፈር ዞረ።

ትልቋ ሁሉንም አይታለች፤ ዝም አለች። ለምን እንዳልተናገረች ብጠይቃት «ቲቸር፣ ደስ ብሎት የለ? ለምን አስለቅሰዋለሁ?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ጊዜ እናትየው «አንዱ ይቅዳ፣ ሌላው ይምረጥ» የሚለውን የድሮ ደንብ አወጣች። ለትልልቆች ጥሩ ደንብ ነው፤ ቀጂው እኩል ለማድረግ ጎንበስ ብሎ ሲለካ ዝንቡ ይቀድመዋል። እዚህ ቤት ግን ትንሹ «ምረጥ» ቢባል ምን መረጠ? ረጅሙን። ስለዚህ ሁለት እኩል ኩባያ ፈልጉ፤ ሌላ መድኃኒት አላገኘሁለትም።

ዛሬ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን እንቆቅልሹ ነው። ጨዋታውን ታውቁታላችሁ፤ መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል። አንድ ማታ መካከለኛው ጠያቂ፣ ትልቋ መላሽ ሆኑ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«እግር የለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ተሰልፎ ያድራል።»

«ድንጋይ» አለች። ቦኖው ላይ ሰው በድንጋይም ተራ ይይዛልና፣ በእኔ ግምት ትክክል ነበረች። እሱ ግን «ድንጋይ ይሰለፋል፤ ውሃ ግን አይጠጣም። ጀሪካን ነው! አገር ስጪኝ!» አለ።

«ጅማን ሰጠሁህ።»

«ጅማ ማን ነው?»

«የአባባ አገር ነው።»

«አይቼው አላውቅም። ሎድዋርን ስጪኝ።»

«ሎድዋርን ትናንት ለትንሹ ሰጥቼዋለሁ።»

«ኤልዶሬትን!»

«እሱም የሱ ነው።»

የሎድዋርና የኤልዶሬት ጌታ በዚህ ጊዜ እኅቱ ጭን ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«ካናዳ።»

«ካናዳ ኢንተርቪው አለው። አልፈልግም።»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አባትየው በሩ ላይ ጫማ እየሰፋ ነበር፤ አልሳቀም፣ አልተናገረምም። በማግስቱ ማታ ግን ልጆቹን ሰብስቦ በእንጨት መሬት ላይ መስመር ጫረ። ከአዲስ አበባ አስነሳቸው፤ ጊቤ ወንዝ ሲደርሱ ድልድዩን አሻገራቸው፤ ጅማ ገበያ አስገብቶ ቡናውን፣ ማሩን፣ ባለሦስት እግሩን በርጩማ አሳያቸው። መካከለኛው በጥርጣሬ ሲያዳምጥ ቆየና ጠየቀ፦

«ውሃ አለ?»

«ዝናብ አለ። አገሩ አረንጓዴ ነው።»

«ጀሪካን አይሰለፍም?»

«እኔ ልጅ ሳለሁ አይሰለፍም ነበር።»

ልጁ ወደ እኅቱ ዞረ። «በቃ፣ ጅማን ስጪኝ።»

«ትናንት እምቢ ብለሃል» አለች። «አሁን የኔ ነው።»

ጠቡ እስከ እራት ዘለቀ። አባትየው ሲያስታርቅ አላየሁም፤ እንዲያውም ጅማን የሚሻሙለት ልጆች በማግኘቱ ደስ ያለው ይመስለኛል። እናንተም ጎንደርም ይሁን ጋምቤላ፣ ሐረርም ይሁን ደሴ፣ ያላችሁን አገር አንድ ማታ መሬት ላይ ጫሩላቸው። እዚህ ተወልዶ እዚህ ላደገ ልጅ ካላሳያችሁት ስሙ ስም ብቻ ነው፤ አገር ስጠኝ ሲባል የሚሰጠውም ያጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን የምለው በተለይ ለአባቶች ነው። እስካሁን ባወራሁት ሁሉ ትልቋ የት እንደነበረች አስተውላችኋል? እሳቱ ጋ ጠባቂ፣ ፋንታው ላይ አስታራቂ፣ በእንቆቅልሹ ሰዓት ሞግዚት። ወንዶቹ ላጋው ላይ ኳስ ሲያሳድዱ እሷ ቦኖ ላይ ናት። ትምህርት ቤት ተዘጋ የተባለው ለእሷም ነበር። እናትየውን አነጋግሬ ነበርና አሁን የጠዋቱ ውሃ የመካከለኛው ሆኗል፤ አምስት ሊትር ለስምንት ዓመት ልጅ አይከብድም። የመጀመሪያው ቀን ላይ እናቱ «ሞላ?» አለችው። «ባዶ!» አለ። ወጥታ አየች። በዚህኛው ጊዜ በአማርኛ ነበር፤ ጀሪካኑን ትቶ ኳስ ሄዶ ተራው አልፎታል። ቢሆንም ሥራው የእሱ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ልጅቷ በዚያች አንድ ሰዓት መጽሐፏን ትገልጣለች።

ቡሄ ነሐሴ 13፣ በፈረንጁ ኦገስት 19፣ ዕረፍቱ ሳያልቅ ይደርሳል። ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሊሉ በራችሁ ሲመጡ ዝርዝር ይዛችሁ ጠብቁ። ለትንንሾቹ ባለሃያ ሽልንግ አንድ ሳንቲም ከምትሰጡ አራት ባለአምስት ብትሰጡ ይሻላቸዋል፤ ስምንት ዓመት የሞላው ታላቅ ወንድም አብሮ ካለ ደግሞ እጃቸው ላይ አስጨብጡና እስኪሄዱ ቁሙ።

ቸር እንሰንብት።