ታላቁ ቁጥርና ምርመራው

በዛሬው ዓምዳችን ስለ አንድ ታላቅ ቁጥር እንጽፋለን። አስቀድመን ግን የቃሉን ትርጉም እንግለጽ። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሙሉ ቁጥር የሌለው ነው። 7 ብቸኛ ነው፤ 15 ግን ለ3 እና ለ5 ስለሚካፈል ብቸኛ አይባልም።

አባ ማሬን መርሴን የተባሉ ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) አንድ ዝርዝር አሳተሙ። አሳቡ እንዲህ ነው፤ 5 ሁለቶችን እርስ በርሳቸው አባዝተን ከውጤቱ ከ32 ላይ 1 ብንቀንስ 31 ይቀራል፤ 31ም ብቸኛ ቁጥር ነው። መነኩሴው በዚሁ መንገድ 67 ሁለቶችም፣ 127 ሁለቶችም ብቸኛ ቁጥር ያስገኛሉ አሉ። ማስረጃ ግን አልጨመሩም።

ከ127 ሁለቶች የሚገኘው ቁጥር 170,141,183,460,469,231,731,687,303,715,884,105,727 ነው። ይህን 39 አኃዝ ያለው ቁጥር ለታናናሾቹ ሁሉ በተራ እያካፈሉ ለመመርመር የሰው ዕድሜ አይበቃም።

በ1876 ኤዱዋር ሉካ የተባሉ ፈረንሳዊ ሊቅ አጭር መንገድ አገኙ፤ አሜሪካዊው ሌህመርም በ1930 አቃለሉት። አንባቢ በ31 ሊፈትነው ይችላል። ከ4 ይጀመራል። 4 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስለት 14 ይሆናል። 14 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስለት 194 ይሆናል፤ ለ31 ሲካፈል 8 ይተርፋል። 8 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስለት 62 ይሆናል፤ ይህም ለ31 ያለ ቀሪ ይካፈላል። በመጨረሻ ቀሪ ስለ ጠፋ 31 ብቸኛ መሆኑ ተረጋገጠ። ለ31 ሥራው 3 ጊዜ ሲደገም፣ ለ127 ሁለቶች 125 ጊዜ ይደገማል።

ሉካ ባደረጉት ምርመራ የ127ቱ ቁጥር በእርግጥ ብቸኛ ሆኖ ተገኘ፤ እስከ 1951ም ድረስ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ታላቁ እርሱ ነበር። የ67ቱ ግን ብቸኛ አለመሆኑን እኚሁ ሊቅ በዚያው ዓመት አስረዱ። በ1903 አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል 193,707,721 በ761,838,257,287 ሲባዛ ያንኑ ቁጥር እንደሚሰጥ አሳዩ።

እነሆ፣ እውነቱና ስሕተቱ በአንድ ሰው እጅ ተጽፈው 232 ዓመት ጎን ለጎን ኖሩ። የጸሐፊው ክብር ሁለቱን ሊለያቸው አልቻለም፤ የለያቸው ሒሳቡ ነው። መዝገብ መርምሮ ፊርማውን የሚያኖር ሹም ይህን ቢያስብ ይጠቀማል። መመርመር ዐዋቂን መድፈር አይደለምና፤ አባ መርሴን ስለ 127 የተናገሩትን ያጸናላቸው የመረመራቸው ሰው ነው።

ዛሬም ሥርዓቱ ይኸው ነው። በኦክቶበር 2024 ከ136,279,841 ሁለቶች የተገኘው ብቸኛ ቁጥር 41,024,320 አኃዞች አሉት። ኮምፕዩተር ቢያገኘውም በአንድ መኪና ቃል ብቻ አልታመነም፤ በሌሎች መኪናዎች እንደ ገና ተሰልቶ ውጤቱ አንድ ከሆነ በኋላ ነው ለዓለም የተነገረው።