ስለ አሮጌ አውቶሞቢልና ስለ አዲስ መብራት

የአውቶሞቢል የፊት መብራት ሁለት ተግባር አለው። አንደኛው ነጂው መንገዱን አይቶ እንዲሄድ ነው፤ ሁለተኛው ሌላው መንገደኛ የሚመጣውን አውቶሞቢል አውቆ እንዲጠነቀቅ ነው። ሁለቱ ተስማምተው ሲገኙ መብራቱ ለሁሉ ይጠቅማል። አንደኛው ብቻ በርትቶ ሁለተኛው የተዘነጋ እንደ ሆነ ግን፥ ለአንዱ ብርሃን የሆነው ለሌላው ጨለማ ይሆናል።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ከመሸ በኋላ የተጓዘ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከፊት የሚመጣው አውቶሞቢል ዕድሜው ሃያና ሠላሳ ዓመት የሆነ ቶዮታ ነው፤ ከግንባሩ የሚወጣው ብርሃን ግን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፥ ዓይን የሚወጋ ነጭ ነው። ተቃራኒው ነጂ መብራቱን ያላሳጠረ መስሎት ደጋግሞ ምልክት ይሰጠዋል፤ ባለ ቶዮታው ግን አስቀድሞ አሳጥሮታል። ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን በመብራቱ ውስጥ የገባው አምፖል ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በ3 ሰከንድ ውስጥ 50 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዓይኑ የታወረበት ነጂ በዚያ 50 ሜትር ውስጥ የሚያገኘውን አያውቅም፤ ከገበያ አምሽቶ የሚመለስ ገበሬ፥ አህያ የሚነዳ ልጅ ወይም መብራት የሌለው ጋሪ ሊሆን ይችላል።

ባለ አውቶሞቢሉን ወደዚህ ሥራ ያደረሰው ክፉ አሳብ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ስለዚህ በእጅ ያለውን ጠግኖ ማቆየት የብልህ ሰው ሥራ ሆነ። መብራቱ የደከመበት ሰው ወደ መርካቶ፥ ወደ ሶማሌ ተራ ወርዶ ኤልኢዲ የሚባለውን አምፖል ይገዛል፤ ሠራተኛውም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ይተክልለታል። ባለቤቱም በጋራዡ ግድግዳ ላይ የበራውን ንጣት አይቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። ይሁን እንጂ የአውቶሞቢል መብራት መልካምነት የሚለካው ብርሃኑ በሚያርፍበት ስፍራ ነው እንጂ በግድግዳ ላይ በሚታየው ድምቀት አይደለም።

በብዙዎቹ አሮጌ አውቶሞቢሎች ውስጥ የሚገኘው ኤች 4 የሚባለው የሃሎጅን አምፖል ነው። ይህ አምፖል ሁለት ክር አለው፤ ለረጅሙ መብራት የ60 ዋት፥ ለአጭሩ የ55 ዋት። ከአጭሩ መብራት ክር በታች ጽዋ የምትመስል ትንሽ የብረት መከለያ አለች። ወደ ታች የሚወርደውን ብርሃን እርስዋ ስለምታግደው፥ ብርሃኑ የሚያርፈው በአንጸባራቂው ሳህን ላይኛ እኩሌታ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያም ተመልሶ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ኤልኢዲው ግን ክር የለውም። ብርሃን የሚሰጡት ቅንጣቶች በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተለጠፉ ናቸው፤ ስፋታቸውና ስፍራቸውም ከክሩ ጋር ፈጽሞ እኩል አይሆንም። ለክር ተብሎ የተሠራው ሳህን ይህን ብርሃን በሚገባ ሰብስቦ ሊሰድደው ስለማይችል፥ ከፊሉ ወደ ላይ ተበትኖ ከፊት በሚመጣው ሰው ዓይን ይገባል። ባለቤቱ ራሱም ቢሆን ተጎጂ ነው፤ ብርሃኑ በአፍንጫው ሥር ሲበዛበት ዓይኑ ያንን ስለሚለምድ ከሩቅ ያለው ነገር ይብሱን ይጨልምበታል። ብዙ ብርሃን አለኝ ብሎ በሚተማመንበት ሰዓት የሚያየው ርቀት ሊያጥር ይችላል።

እንግዲህ መጠየቅ የሚገባው አሮጌው መብራት ስለ ምን ደከመ የሚለው ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአምፖሉ ውጭ ይገኛል። መጀመሪያ፥ የፕላስቲኩ ሽፋን በፀሐይና በአቧራ ብዛት ቢጫ ይሆናል። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምርመራ፥ እንዲህ ያረጀ ሽፋን አዲሱ ከሚሰጠው ብርሃን 20 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደሚያወጣ አስታውቋል። ሁለተኛ፥ ሽቦው አርጅቶ መጋጠሚያው ይዝጋል። ለሃሎጅን አምፖል የሚደርሰው ቮልት በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሦስተኛ፥ የሳህኑ ብር ይደበዝዛል፤ የመብራቱም አቅጣጫ ይዛነፋል። በነዚህ ሁሉ ላይ አዲስ አምፖል መጨመር፥ የተዘጋ ምንጭ ሳይጠርጉ ትልቅ እንስራ እንደ መግዛት ነው።

መድኃኒቱም ከዚሁ ይታወቃል። ሽፋኑን ማስወልወል ወይም መለወጥ፤ መጋጠሚያዎቹን ማጽዳት፤ ከባትሪ በፊውዝና በሪሌ በኩል ወፈር ያለ ሽቦ ማስዘርጋት፤ ሳህኑ የደበዘዘ እንደ ሆነ መብራቱን ከነቤቱ መለወጥ ይገባል። በሃሎጅንም ቢሆን ከተወሰነው ዋት በላይ የሆነ አምፖል መትከል ሶኬቱንና አሮጌውን ሽቦ ያቃጥላል።

መብራቱን ከነቤቱ የሚለውጥ ሰው ደግሞ ከየት አገር እንደ መጣ ይጠይቅ። ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የመንገድ አካሄድዋን ከግራ ወደ ቀኝ ለውጣለች። የአጭር መብራት ብርሃን በአንድ ወገን፥ ይኸውም በራስ መንገድ ዳር በኩል፥ ከፍ እንዲል ሆኖ ይሠራል። በግራ ለሚሄዱት ለጃፓንና ለእንግሊዝ አገር የተሠራው መብራት እዚህ ሲተከል፥ ከፍ የሚለው ብርሃን በቀጥታ ከፊት በሚመጣው ላይ ያርፋል።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ ለእያንዳንዱ ሰው ፈቃድ አልተዉትም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ፥ ከኤፕሪል 1 ቀን 1986 ጀምሮ መንገድ ላይ የወጣ አውቶሞቢል ለሃሎጅን በተሠራ መብራቱ ውስጥ ኤልኢዲ ቢገኝበት የዓመቱን ምርመራ አያልፍም። ጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ሰጥታለች፤ ነገር ግን ፈቃዱ ተመርምረው በዝርዝር ለተጻፉት የአውቶሞቢል ዓይነቶች ብቻ ነው። አንደኛዋ ከለከለች፤ ሁለተኛዋ መርምራ ለይታ ፈቀደች። በሁለቱም ዘንድ መሠረቱ አንድ ነው፤ አምፖልና መብራት አብረው ካልተመረመሩ ደኅና ናቸው አይባልም።

አንዳንድ ነጂዎች «ሌላው ዓይኔን ሲያጠፋው እኔስ ስለ ምን እቀራለሁ» ይላሉ። ይህ አነጋገር የተበደለ ሰው አነጋገር ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም፤ ነገር ግን የሚያደርስበት ስፍራ መታየት አለበት። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለው ተረት በእንጀራ ላይ ሲሆን ቢያስቅም፥ በመንገድ ላይ ሲሆን ያስለቅሳል። ሁሉም ብርሃኑን ለራሱ ባበዛ ቁጥር ከሁሉም ዓይን ላይ ይቀነሳል፤ በመጨረሻም ትልቁን ዕዳ የሚከፍለው ምንም መብራት የሌለው እግረኛ ነው።

ስለዚህ የዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ መብራት መብራቱንና መጥፋቱን አይቶ ማለፍ ሳይሆን፥ ብርሃኑ የሚያርፍበትን ከፍታ መለካት ይገባዋል። ለዚህ ትልቅ መሣሪያ ባይገኝ እንኳ ደልዳላ ስፍራና ግድግዳ ይበቃል። አውቶሞቢሉ ከግድግዳው 10 ሜትር ርቆ ሲቆም፥ የአጭሩ መብራት የላይኛ ወሰን ከመብራቱ እንብርት ከፍታ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መታየት አለበት። ወሰኑ ጨርሶ የማይታይ ከሆነ አምፖሉ ለዚያ መብራት የተገባ አይደለም። ባሌስትራው የረገበ አውቶሞቢል ጭነት ሲይዝ ግንባሩ ቀና ስለሚል፥ ባለቤቱ ይህንም መርሳት የለበትም። ነጋዴው የሚሸጠው አምፖል ለየትኛው መብራት እንደ ተሠራ ለገዢው ይንገር፤ ሠራተኛውም ከተከለ በኋላ ሳይለካ አይልቀቅ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚጠፋው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ አንድ ጠመንጃ መፍቻ፥ አንድ ግድግዳና ጥቂት ትዕግሥት ነው። አሮጌ አውቶሞቢል በመልካም አያያዝ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። በሌሊት መንገድ ዳር የሚሄደው ሰው ግን መለዋወጫ የለውም።