ብዙ ሰው በመጠይቅ ወይስ ጥቂት ሰው በሕክምና? የክሊኒካል ሳይኮሎጂ መመረቂያ ጥናት እንዴት ይታቀድ?

በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርሱን የሚሠራ ተማሪ ኮርሶቹን ጨርሶ ፕሮፖዛል ለመጻፍ ሲቀመጥ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ውሳኔ የጥናቱ ዓይነት ነው። በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች መጠይቅ ያስሞላ? ወይስ ጥቂት ታካሚዎችን እያከመ ለውጣቸውን ይከታተል? ሁለት የሙያው ሰዎች በዚህ ላይ ይሟገታሉ።

ሙግት አንድ፦ ጥቂቶችን አክሙ፣ በቅርብም ለኩ

የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባለሙያ ከሌላው ተመራማሪ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ የተጨነቀ ወይም ተስፋ የቆረጠ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እንዲሻለው ይረዳዋል። የመመረቂያ ጥናቱ ይህንኑ ሥራ ካላስተማረው ምን ያስተምረዋል?

ለግምገማ የሚደርሱኝ አብዛኞቹ ፕሮፖዛሎች ግን በአንድ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። የድባቴ ወይም የጭንቀት ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች፣ እገሌ በሚባል ሆስፒታል፣ በእገሌ ዓመት። የናሙናው ብዛት ሳይቀር ገና ሳይገለጥ ይታወቃል። ስርጭቱ 50 በመቶ፣ የስሕተት ህዳጉ 5 በመቶ ተብሎ ይሰላና 384 ይመጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲታከልበት 423 ይሆናል። ተማሪው 423 ሰው ጠይቆ፣ አንድም ሰው ሳያክም ይመረቃል።

የሚገኘው ቁጥርም ቢሆን እንደሚመስለን የጸና አይደለም። ፒኤችኪው-9 የተባለው የድባቴ መጠይቅ በብዛት የሚሠራበት የመለያ ነጥብ፣ ማለትም ድባቴ ሊኖር ይችላል የሚባልበት ዝቅተኛ ውጤት፣ 10 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ላይ ተሠርቶ የታተመ ጥናት ግን የተሻለ የሚለየው 5 ሆኖ አግኝቶታል። የመለያ ነጥቡን ከ10 ወደ 5 ስናወርደው፣ ያው ሕዝብ ሳይለወጥ ስርጭቱ ይለወጣል። መረጃው በአንድ ቀን የተሰበሰበ ከሆነም ድባቴው ሥራ አጥነቱን ያምጣ፣ ሥራ አጥነቱ ድባቴውን ያምጣ መለየት አይቻልም።

እኔ የምመክረው አንድን ሰው ከራሱ ጋር የሚያወዳድር የሕክምና ሙከራ ነው። ሳይኮሎጂስቱ ሞንቴ ሻፒሮ በለንደኑ ማውድስሊ ሆስፒታል ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስተማሩት መንገድ ነው። ድባቴ ያለባቸው ሦስት ታካሚዎች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው ማታ ማታ የዕለቱን ስሜታቸውን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ሰጥተው ይመዘግባሉ፤ በዚያ ቀን የሠሩትን አንድ ነገርም ይጽፋሉ። ሕክምናው ሰውየውን ወደተዋቸው ሥራዎችና ግንኙነቶች ቀስ በቀስ የሚመልስ ነው። ለአንደኛው ከአንድ ሳምንት ምዝገባ በኋላ፣ ለሁለተኛው ከሁለት፣ ለሦስተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይጀመራል። ማን አስቀድሞ እንደሚጀምር ዕጣ ይወስነዋል። የሦስቱም ስሜት መሻሻል የሚጀምረው የየራሳቸው ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ከሆነ፣ «ዝም ብሎም ጊዜው ያሽለው ነበር» የሚለው መከራከሪያ አቅም ያጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ሴሚስተር ያልቃል፤ ተማሪውም ማከምና መለካትን በአንድ ላይ ይማራል።

ሙግት ሁለት፦ በሚገባ የታቀደ ቆጠራ ሰው ያድናል

ባልደረባዬ 423ን ማንሳታቸው ተገቢ ነው። ጥፋቱን በመጠይቅ ጥናት ላይ መጫናቸውን ግን አልቀበልም። 50 በመቶ የሚወሰደው ስለ ስርጭቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር በማይኖርበት ጊዜ ነው። ሁለት ቡድኖችን ለማወዳደር የሚበቃው ናሙናም ስርጭት ለመገመት ከሚበቃው ይለያል። ይህን ሳያሰላ ቁጥር የሚገለብጥ ተማሪ ቢኖር መታረም ያለበት ዕቅዱ ነው።

ቆጠራ ምን እንደሚሠራ ለማየት ከቡታጅራ አንራቅ። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 በጀመሩት ጥናት ከ68,000 በላይ ሰዎች ተጠይቀው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተው ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። የ10 ዓመቱ ክትትል እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም፣ የእነዚህ ሰዎች ዕድሜ ከሌላው ሕዝብ በ30 ዓመት ገደማ ያጠረ መሆኑን አሳየ። ይህን ሦስት ታካሚ ይዞ ማወቅ አይቻልም።

የመጠይቁ ችግርም መፍትሔ አለው። በኤድንበርግ ለወለዱ እናቶች ድባቴ የተዘጋጀው መጠይቅ በገጠር ቡታጅራ ተፈትሾ በቂ ሆኖ አልተገኘም፤ 20 ጥያቄ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ፣ ኤስአርኪው-20፣ ተሽሎ ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት ደግሞ የኤድንበርጉን መጠይቅ በከተማዋ እናቶች ዘንድ ጥሩ ሆኖ አገኘው። ተማሪው ከዚህ የሚማረው መጠይቅ መሸሽን አይደለም፤ በሚያጠናው አካባቢ የተፈተሸውን መርጦ መያዝን ነው።

በጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ላይ የሚሠራ ጥናት እናቅድ። እናቲቱ ካርዷን ይዛ ወረፋ ላይ ናት፤ ባሏ ወይም አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው ይሆናል። ጥያቄዎቹ የት ይነበቡላት? ከኤስአርኪው-20 አንዱ ጥያቄ ሕይወትን ስለማጥፋት ሐሳብ ነው። በሩ የሚዘጋ ክፍል ከሌለ እውነተኛውን መልስ አትሰጥም፤ ብትሰጥም ለአደጋ ትጋለጣለች። ስለዚህ ክፍሉ፣ ጠያቂዋ፣ «አዎ» ያለች እናት በዚያው ቀን የምታያት ባለሙያና የምትላክበት ቦታ፣ የመጀመሪያዋ እናት ሳትጠየቅ በፊት ተጽፈው ማለቅ አለባቸው። ይህን ያቀደ ተማሪ ክሊኒካዊ ሥራ ሠርቷል።

የባልደረባዬ ዕቅድ ግን አደጋው ታካሚው ላይ ያርፋል። አካሚውም ለኪውም ያው ተማሪ ከሆነ፣ ታካሚው እሱን ላለማሳዘን ሲል ነጥቡን ከፍ ያደርጋል። ከሦስቱ ሁለቱ ሕክምናውን ካቋረጡ ጥናት የሚባል ነገር አይቀርም። በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ የታከሙ ሦስት ሰዎች ታሪክ ስማቸው ቢደበቅም ለሚያውቃቸው ሰው አይሰወርም።

የአንደኛው ጸሐፊ መልስ

ያነሷቸው ስጋቶች እውነተኞች ናቸው፤ ሁሉም ግን በዕቅድ ይፈታሉ። ለሦስት የሚያስብ በአምስት ወይም በስድስት ይጀምር። የታካሚዎቹን ምዝገባ ሌላ ሰው ይሰብስብ። ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ወደ ጥናቱ አይግባ፤ ቀጥታ ወደ ሕክምና ይላክ። ተራ በመጠበቅ ላይ ሳለ የባሰበት ሰውም ተራው ሳይደርስ ሕክምናው ይጀመርለት። መታወቂያ የሚሆን ዝርዝር ከጽሑፉ ይውጣ፤ ታካሚውም ስለ እሱ የተጻፈውን አስቀድሞ ያንብበው።

የቡታጅራው ጥናት የትልቅ ቡድን የዓመታት ልፋት ነው። ጥቂት ወራት ብቻ ያለው ተማሪ ከዚያ ሥራ የቆጠራውን ቅርጽ እንጂ አቅሙን አያገኝም። ባለው ጊዜ ማከምን ይማር፤ ከተመረቀ በኋላ የሚጠብቀው ሰው የሚፈልግበት እሱኑ ነው።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

ባልደረባዬ የዘረዘሩት ሁሉ የሚፈጸመው ልምድ ያለው ሱፐርቫይዘር በየሳምንቱ እየተገኘ ጉዳዮቹን አንድ በአንድ ከተማሪው ጋር ሲያይ ነው። ይህ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው እንዲህ ያለውን ፕሮፖዛል አያሳልፈው፤ ተማሪውም በታካሚ ላይ ሕክምና አይሞክር።

ለተማሪዎች አንድ ምክር አለኝ። መጠይቅ ከመፈለጋችሁ በፊት ጥያቄያችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ቀጥሎም ጥናቱ በተጀመረ ማግስት የከፋው ሰው ቢመጣ ማን እንደሚያየው ስሙንና ስልኩን ይዛችሁ ወደ አማካሪያችሁ ሂዱ። መልሱን ሳታገኙ አንድም ሰው አትጠይቁ።